የንጋት አለባ

በ2016 ዓ.ም. ስድሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራ ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው። አቆምኩ ማለትም አይደለም፤ ላሞቹ ናቸው ያቆሙኝ። ሀና ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የነበረው በረት፣ ቦታው ለሕንፃ ተፈለገና ባለቤቱ ላሞቹን አንድ በአንድ ሸጣቸው። የመጨረሻዋ ላም አይሱዙ ላይ ስትጫን ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ ባልዲዬን አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ባልዲው የባለቤቱ ነው፤ እስካሁን አልጠየቀኝም።

ልጄ ግርማ ታክሲ ነው የሚነዳው። «አባባ፣ ለኔ ሁልጊዜ ከምታወራልኝ ጻፈው» አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ከብት እየጠበቅኩ ግማሹን ቀርቼ። ስለዚህ ጽሑፌ እንዳፌ ነው፣ የማያምር ካለ እለፉት። የማወራው ስለ ጡት ነው። የሚያፍር ካለ እሱም ይለፈው። እኔ አርባ ዓመት ጡት ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማፈሩ ድሮ ለቆኛል።

እኛ እዚሁ የነበርን ነን። አባቴ ያርስ የነበረው አሁን አስፋልት በሆነው ላይ ነው። መካኒሳ አቦ ድረስ ጤፍና ሽምብራ ነበር ብላቸው ልጆቹ ይስቁብኛል። ጎረምሳ ሳለሁ አባቴ «ከመሬቱ ይልቅ ከብቱ ያዋጣሃል» ብሎ የመንግሥት የወተት ከብት እርባታ ወስዶ አስቀጠረኝ። ስለ ደመወዙ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ወተት ለመግዛት አይበቃም ነበር። ደግነቱ እኔ ወተት አልጠጣም። ሽታው ልብሴ ላይ አለ፣ ፀጉሬ ላይ አለ፣ ትራሴ ላይ አለ፤ አፌን እንኳ ላትርፈው ብዬ ነው።

እዚያ ነው ጋሽ ደቻሳን ያገኘሁት። የአላቢዎች አለቃ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርድ ሰው። በመጀመሪያው ቀን እጄን ገልብጦ አየና «ይሄን ጥፍር ይዘህ የመጣኸው ለድመትነት ልትቀጠር ነው?» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንንም አሰልፎ ጥፍራችንን ያስቆርጠን ነበር። መጀመሪያ የራሱን ይቆርጣል፣ ከዚያ የኛን እየዞረ ያያል።

ጋሽ ደቻሳ ላም ሲያልብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ በብብቱ ውስጥ አድርጎ ያሞቀዋል፣ ከዚያ ላሟ ጎን ቆሞ «እመቤቴ፣ ይፍቀዱልኝ» ይላታል። በ«አንቺ» ተናግሯት አያውቅም። እግሯን እስክታላላ ይጠብቃል። ስታላላ «ፈቀዱ» ይለንና ዝቅ ይላል። እኛ ጎረምሶቹ ከኋላው እንስቅ ነበር። ሳቃችን ያቆመው እሱ የሚያልባት ላም ለኛ ስትሆን እንደምትራገጥ ስናይ ነው።

ሌላው ነገሩ ጥቁር ጎማ ነበር። ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ በጣሳ አፍ ላይ ወጥሮ፣ ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ፍንጣቂ እዚያ ላይ ያወርዳል። ጤነኛ ወተት በጥቁር ላይ ወርዶ ሸርተት ይላል። የታመመው ግን እንደ እርጎ ጓል ጓል ይላል። ከዚያ በመዳፉ ጀርባ ግቱን ይነካል። በመዳፍ አይነካም፤ ጀርባው ነው ሙቀት የሚያውቀው ይላል። ሙቀት ያገኘባትን መጨረሻ ላይ ያልባታል፣ ወተቷ ይደፋል፣ ጥጃዋም ከእሷ አይጠባም። ይህ ሕግ ነው። ይህን ሕግ አስታውሱት፣ ኋላ ጉድ ያፈላብኛል።

አንዷ ላም ግቷ ሲያብጥ እኛ የምናወራው ማን አያት፣ ማን ረገማት ነው። እሱ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ «ምን ተለወጠ?» መኖው ተለወጠ? አላቢው ተለወጠ? የምትተኛበት ተለወጠ? አለባ አመለጣት? እንዲህ እያለ እስኪያገኘው ይጠይቃል። ካላገኘው ባርኔጣውን ያወልቅና «ይቺን አላውቃትም» ይላል። ባርኔጣው የሚወልቀው ያኔ ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሁለታችንም መካኒሳ አንዲት ባለ በረት ዘንድ ገባን። እትዬ አሰለፈች ይባላሉ። ደግ ሴት ነበሩ፣ ግን ከባላቸው እህቶች ጋር አይስማሙም። ለላሞቹ በሙሉ ስም ያወጡላቸው በእነሱ ነበር። ጧት ጧት በረት ይመጡና «አንቺ ሻሼ፣ ሆዳም፣ ዞር በይ» ይላሉ። ልባቸው ቀለል ብሎ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከሁሉም ወተታሟ ሻሼ ነበረች፤ እትዬ አሰለፈችን በጣም ያናደዳቸውም ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ጋሽ ደቻሳ ለቅሶ ሰበታ ሄደ። በዚያው ሰሞን እውነተኛዋ ሻሼ፣ የባላቸው ታላቅ እህት፣ ልትጠይቅ መጣች። እትዬ አሰለፈች በረቱ እንዲያምር ብለው ከእንጨት መሰንጠቂያ ሰጋቱራ አስጭነው መሬቱን አስነሰነሱ። እኔ ደግሞ ዋናው ጭንቀቴ እንግዳዋ የላሟን ስም እንዳትጠይቀኝ ነበር። ሴትዮዋ ገባች፣ ከሻሼ ፊት ቆመች፣ «እንዴት ያለ ግት ነው እናንተ» አለች።

በማግስቱ የሻሼ ግት በአንድ ወገን ድንጋይ ሆነ። እሳት ይተፋል። ማነው ያያት? ሻሼ ናታ። እትዬ አሰለፈች ይህን ስነግራቸው አዝነው ነው እንዳልል ፊታቸው በራ። «እኔ ድሮም ብያለሁ» አሉ። ሥራ ሥር አመጣን፣ አጨስን፣ ከእንግዳዋ ነጠላ ጫፍ ትንሽ ክር በመላ አስቀድደን እሱንም አጨስን። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይን ስናባርር ዋልን። ላሟ መብላት አቆመች።

ጋሽ ደቻሳ ሲመለስ በረቱ በር ላይ ቆሞ አሸተተ።

«ምን ተለወጠ?» አለኝ።

«ሻሼ መጥታ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ሻሼ ግቷን አመሰገነቻት።»

«ሌላስ፣ በዳዳ?»

ጎንበስ ብሎ ሰጋቱራውን አፈሰና ጨመቀው። ውኃ ወረደው። ዝናብ የመታው ኖሯል፤ ላሟ ታልባ ጡቷ አፉን ሳይዘጋ እዚያ ላይ ነው የምትተኛው። ቆሻሻው ገብቷል። ከዚያ እጄን ይዞ ግቷ ላይ አስቀመጠው። አሁን አይሞቅም፤ ቀዝቅዞ ነበር። መቀዝቀዙ ከመሞቁ የባሰ ነው፣ ሞቷል ማለት ነው።

«ባለፈው ይሞቅ ነበር?» አለኝ።

«ይሞቅ ነበር።»

«እጅህ እየነገረህ አንተ ሻሼን ሰማህ።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሻሼ ለሥጋ ሄደች። እኔም ከዚያ ወዲህ ዓይን፣ ቡዳ፣ ምች የሚል ሰው ፊት አልቆምም። «ምን ተለወጠ?» እለዋለሁ። ጋሽ ደቻሳ ካረፈ በኋላም፣ ሀና ማርያም በረት የራሴን አላቢዎች ሳሠለጥን፣ ጥፍራቸውን እያየሁ ይህንኑ ስጠይቅ ኖርኩ።

እንግዲህ ላሞቹ ሄዱ ብያችኋለሁ። ሰውነቴ ግን አልሰማም። ጎህ ሳይቀድ በአሥር ሰዓት ዓይኔ ይፈጣል። ባለቤቴ ወርቄ «ላም የለም፣ ተኛ» ትለኛለች። እተኛለሁ፣ ጣቶቼ አይተኙም። አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ሳልብ አግኝታኝ ለጎረቤት ሁሉ አወራችው።

በዚያው ሰሞን የግርማ ሚስት ምሕረት ወንድ ልጅ ወለደች። ከወላይታ የመጣች፣ የጴንጤ ቤተ ሰብ ልጅ ናት። የኛን ወግ ግን ከኛ በላይ ትይዛለች። በኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ወንድ አማትም አራስ ካለችበት አይገባም፤ መልእክት ሁሉ በወርቄ በኩል ነው። እሷ ግቢው ውስጥ ካለችው ከኋለኛዋ ክፍል ሆና ትናገራለች፣ ወርቄ መሀል ግቢ ቆማ ታስተላልፋለች፣ እኔ ደጃፍ ላይ ሆኜ እመልሳለሁ። ሁላችንም የሁላችንን ድምፅ እንሰማለን። ወግ ግን ወግ ነው።

ግርማ በአሥር ሰዓት ለታክሲው ሲወጣ፣ ልጁ ካለቀሰ ለኛ ያቀብለናል፣ እናቱ ትተኛ ብሎ። እኔ መቼስ ነቅቻለሁ። ወርቄም «ያዘው እስቲ» አለችኝ። ያዝኩት። ሲርበው ከጎረቤት የሚመጣልንን የላም ወተት አፍልቼ፣ በውኃ አቅጥኜ፣ ስኳር ጣል አድርጌ በጡጦ ሰጠሁት። ግጥም አድርጎ ጠጥቶ እስከ ሁለት ሰዓት ተኛ። እናቱም ተኛች። በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ግርማ «አባባ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» አለ። ወርቄ አመሰገነችኝ፤ ይህ ብርቅ ነው። እኔ ሥራ አገኘሁ። ጧት በቤቱ እንደሚፈለግ ሰው በልበ ሙሉነት ተነሥቼ እጄን በሳሙና እታጠብ ጀመር።

ከዚያ ምሕረት ታመመች። ወርቄ ከኋለኛው ክፍል ወጥታ መሀል ግቢ ቆመች።

«ግራ ጡቷ አብጧል። ቀልቷል። ብርድ ብርድ ይላታል» አለችኝ።

«በመዳፍሽ ጀርባ ነክተሻል?»

«በመዳፌ ጀርባ ልምታህ? እሳት ሆናለች አልኩህ እኮ።»

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግቢው ሞላ። እትዬ ጥሩነሽ፣ ጎረቤታችን፣ ዳማከሴ ጨብጠው ደረሱ። «ምች ነው። አራስ ሆና ፀሐይ ላይ ስታሰጣ በዓይኔ አይቻታለሁ» አሉ። ሌላዋ ጎረቤት «ልጁ ጡቷ ላይ አግስቶባት ነው» አለች። የምሕረት እናት ከሶዶ በስልክ ጸሎት ጀመሩ፤ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ መስኮት ላይ ተቀመጠ። ረጅም ጸሎት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ግን ሰው ለምራቴ ሲለምን አሜን አለማለት ነውር መሰለኝና ደጃፌ ላይ ሆኜ አሜን አልኩ። ሴትዮዋ ድምፄን ሲሰሙ ሌላ ጸሎት ጨመሩ።

እኔ ግን ተነሣሁ። «ምች የለም፣ ግሳት የለም» አልኩ። «ምን ተለወጠ? እሱን ንገሩኝ።»

እንደ መርማሪ አንድ በአንድ ያዝኳቸው። ምግቧ ተለወጠ? አልተለወጠም። የምትተኛበት ተለወጠ? አልተለወጠም። ፍራሹን አስወጥቼ ጨመቅኩት፤ ደረቅ ነው። ጡት መያዣዋ ጠቧት እንደሆነ ወርቄን አስጠየቅኩ፣ አልጠበበም። ግርማን ደውዬ ከመገናኛ መልስ ላይ አስቆምኩት።

«ምን ተለወጠ?»

«አባባ፣ ተሳፋሪ ጭኛለሁ።»

«ተሳፋሪው ይጠብቅ። በቤትህ ምን ተለወጠ?»

«ልጅ ተወለደ፣ ሌላ ምን ይለወጣል» ብሎ ዘጋው።

መነሻውን ባላገኘውም ሕጉን አውቃለሁ። «ልጁ ከታመመው ጡት እንዳይጠባ» ብዬ አዘዝኩ። «ወተቱ ይደፋ። በየሰዓቱ አጥብቃችሁ እሹና አልባችሁ ድፉት። ልጁን እኔ በጡጦ እይዘዋለሁ።» ወርቄ ትንሽ አመነታች፣ ግን አርባ ዓመት ላም ያከምኩ ሰው ነኝ፤ እሺ አለች። ምሕረትም እሺ አለች። ያቺ ልጅ እሺ የምትል ልጅ ናት። ያንን ቀን ሙሉ ወርቄ ስታሻት፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ዋለች።

በማግስቱ ባሰባት። እብጠቱ ጠነከረ፣ ትኩሳቱ ጨመረ። ልጁ በቀኙ ብቻ እየጠባ፣ ግራውን ሲያሸተው ያለቅሳል። ጧት ወርቄ ወጣች፣ በዚህ ጊዜ መሀል ግቢ አልቆመችም። እኔ ዘንድ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አክስቷ በጡት ሕመም ነው የሞተችው» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናቷን በስልክ፣ ‹ልጄን ማን ያሳድገዋል› ስትላት ሰማኋት።»

እኔ ያኔ ሻሼ ትዝ አለችኝ። እጄ ላይ ያ ቀዝቃዛ ግት መጣብኝ። ተነሥቼ ጃኬቴን ለበስኩ።

«ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አልኩ።

«አንተ የት ትሄዳለህ?»

«እኔም እሄዳለሁ።»

«የሴት ነገር ነው በዳዳ።»

«የጡት ነገር ነው» አልኳት።

ጤና ጣቢያ ወረፋው ረጅም ነበር፣ ሁሉም እናቶች። ስማችን ሲጠራ ሦስታችንም ከነሕፃኑ ተነሣን። በሩ ላይ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነርስ አስቆመችኝ። ሲስተር ብርቱካን ትባላለች።

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«አማቷ።»

«እዚህ ጋ ወንድ አይገባም አባቴ።»

«እኔ በጡት ጉዳይ ልምድ ስላለኝ ነው።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች በሙሉ ዞሩ። ነገሩን ላስተካክል ብዬ «አርባ ዓመት ሙሉ የሠራሁበት ነው» አልኩ። ወርቄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ላም ነው ሲስተር» አለች፣ «የላም ነው የሚለው።» ያኔ ኮሪደሩ ሳቀ። ሲስተር ግን አልሳቀችም፤ መጋረጃ ጋርዳ እኔን ከወዲህ በኩል ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ይህ ለወጋችንም ተስማማ።

«መቼ ጀመረሽ?» ስትል ሰማሁ።

«ትናንት።»

«ጫፉ ሰንጠቅ ብሏል። ይሄ ከዚያ በፊት ነው?»

«አዎ። አሁን አሁን ሲይዘኝ ያመኛል፣ ጫፉን ብቻ ነው የሚይዘው።»

«ጡጦ ያገኛል እንዴ?»

«ያገኛል» አለች ምሕረት።

«ማነው የሚሰጠው?» አለች ሲስተር።

«ያ የላሙ ሰውዬ» አለች ወርቄ።

«መቼ መቼ?»

«ንጋት ላይ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እስከ ሁለት አካባቢ፣ እሷ ትተኛ ብለን።»

«ስለዚህ እሱ ጡጦ ጠጥቶ ይተኛል፣ ጡቷ ሞልቶ እስከ ሁለት ሰዓት ማንም አይነካውም። ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው?»

እኔ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። በዚያ ቤት መኖ አልተለወጠም፣ ፍራሽ አልተለወጠም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ላም አጣሁና ልጅ ይዤ ቁጭ አልኩ። አርባ ዓመት አንዲት ላም የንጋት አለባ እንዳያመልጣት ስሮጥ፣ በበዓል ቀን እንኳ ሳላስቀር፣ በገዛ ቤቴ በየቀኑ አስቀረሁት። አፌን ስከፍት ግን ይህ አልወጣም።

«ሲስተር፣ የታመመ ጡት ወተት ለጥጃ አይሰጥም» አልኩ በመጋረጃው በኩል።

«ጥጃ አይደለም አባቴ።»

«ያው ነው።»

«አይደለም። የእናቱ ወተት አይጎዳውም፤ ከዚያም ከዚህም ይጥባ። ያልጠባ እንደሆነ ነው የሚታቆረው።»

«እሺ፣ እንግዲያው በየሰዓቱ እናልባታለን።»

«ማነው ያለባት?»

«ወርቄ። ትናንት አሽታታለች።»

መጋረጃው ተገለጠና ሲስተር ራሷን ብቻ አወጣች። «አትሹት። አትጨምቁት። ሲታሽ ይብሳል፣ ያበጠ ሥጋ ነው። ያለ ልክ ስታልቡት ደግሞ ጡቱ ይፈለጋል ብሎ ሌላ ይሠራል። ልጁ እንደፈለገው ይጥባ፣ በመሀል ቀዝቃዛ ጨርቅ ታድርግበት። መድኃኒት እጽፍላታለሁ። እርስዎ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ግን እኔ እንዲሁ የምተው ሰው አይደለሁም።

«ታዲያ የሚያመጣው ምንድን ነው? ይሄ ብቻ ነው?»

«ወተት ሲታቆር፣ ጫፉ ሲሰነጠቅና ተህዋስ ሲገባ፣ ልብስ ሲያጣብቅ፣ ጡት በድንገት ሲያስጥሉ። በማያጠቡ ሴቶችም ይመጣል። ሲጋራ የሚያጨሱ ላይ ይበዛል። ለምን እንደመጣ የማናውቀውም አለ።»

«አታውቁትም?»

«አናውቀውም» አለች፣ ምንም ሳታፍር።

ያኔ ወደድኳት። ባርኔጣ ቢኖራት ታወልቀው ነበር።

ከዚያ የምሕረት ድምፅ መጣ፣ ቀጭን። «ሲስተር፣ ነቀርሳ ቢሆንስ? አክስቴ…»

ሲስተር ብርቱካን ወዲያው አልመለሰችም። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ ተቀመጠች መሰለኝ። «ስታጠቢ ቆይተሽ በአንዴ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞ የሚመጣ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው እናቴ፣ ይድናል» አለቻት። «ግን ዝም ብለሽ አትቀመጪ። መድኃኒቱን ጀምረሽ በሁለት ሦስት ቀን ካልቀለለሽ ትመጫለሽ፣ መግል ይዞ እንደሆነ በማሽን እናያለን። ድነሽም እብጠት ከቀረ ትመጫለሽ፣ የሚያየው እናሳየዋለን። የአክስትሽን ነገርም ጽፌዋለሁ። እሺ?»

«እሺ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ያቺ ልጅ ትኩሳቱን ችላ፣ መታሸቱን ችላ፣ ማልቀሷን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሲስተር አያያዙን አሳየቻት፤ ጫፉን ብቻ ሳይሆን አፉን ሞልቶ እንዲይዝ። ልጁ መጀመሪያ ተነጫነጨ። ወርቄ «ጡጦ ፈልጎ ነው ጌታው» አለች፣ ወደ መጋረጃው ዞራ መሆኑን ከድምፅዋ አውቄያለሁ።

ስንወጣ ሲስተር በሩ ላይ ያዘችኝ።

«አባቴ፣ በአሥር ሰዓት ነው የሚነሡት?»

«አርባ ዓመቴ ነው።»

«ጥሩ። እንግዲህ ልጁን ለእናቱ ማድረስ የርስዎ ሥራ ነው። ጡጦውን ይርሱት፤ በዚህ ዕድሜው የላም ወተት ለሆዱም ደግ አይደለም።»

«ለጥጃ ብቻ ነው» አልኳት።

«አሁን ተግባባን» አለች።

ታክሲ ውስጥ ወርቄ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ግቢ ስንገባ ግን እትዬ ጥሩነሽ ዳማከሴያቸውን እንደያዙ ጠበቁን። «ምችነቱን አረጋገጡ?» አሉ። «አረጋገጡ» አለች ወርቄ፣ «ምቹ ይኸውና ጃኬት ለብሷል።» ሰፈሩ እስካሁን ምች ይለኛል።

ያን ማታ ምሕረት ትኩሳት ላይ ስለነበረች ልጁ ወርቄ ዘንድ አደረ፤ በራበው ቁጥር ወርቄ ታመላልሰዋለች። በማግስቱ ጧት በአሥር ሰዓት ነቃሁ። ግርማ ወጥቷል። ወርቄ ደክሟት እንቅልፍ ወስዷታል። ልጁ ከንፈሩን እየመጠጠ መነጫነጭ ጀመረ። ጡጦው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ታጥቦ ተገልብጧል። ማታ ያፈላሁት ወተትም ከጎኑ አለ። ሳላስበው ለልጁ አፍልቼው ነበር፤ እጅ እንዲህ ነው። ጡጦውን አየሁት። ልጁም እኔን አየኝ።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ። በብብቴ አሞቅኩት። አንሥቼው በጋቢ ጠቅልዬ ግቢውን ተሻገርኩና የኋለኛዋ ክፍል በር ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ። እዚያ ቤት አማት መልእክተኛ ሳይዝ ቆሞ አያውቅም። ምን እንደምል ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው ጋሽ ደቻሳ ነው።

«እመቤቴ፣ ይፍቀዱልኝ» አልኩ።

ይህን የጋሽ ደቻሳን ነገር እራት ላይ መቶ ጊዜ አውርቼዋለሁና ታውቀዋለች። ላም አደረገኝ ብላ ትቀየመኝ ይሆን ብዬ ላቤ መጣ።

«ፈቅጃለሁ አባባ» አለች። ትስቅ ነበር። እንደታመመ ሰው ሳቅ፣ ግን ሳቅ ነው።

በሩ ትንሽ ተከፈተ፣ እጆቿ ወጡ፣ አቀበልኳት። ሙቀቷ እጄን ነካው። ይሞቃል፣ ወርቄ «እሳት» ያለችውን ያህል ግን አይደለም፤ በመዳፌ ጀርባ ነው የነካኝ፣ አልሳሳትም። በሩ ተዘጋ። ወዲያው ልሄድ አልኩና አልሄድኩም። ጥጃ ጡት በደንብ ሲይዝ ድምፁ ይታወቃል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ዋጥ። ጫፉን ብቻ ሲይዝ ያፏጫል። ይሄ አላፏጨም።

ወደ ቤት ስመለስ ወተቱ ድስቱ ውስጥ አለ። ደግ ወተት ነው፣ የሚደፋ አይደለም። ለጡጦ ያልኩትን ስኳር እንኳ ሳልጨምርበት በኩባያ ቀዳሁና ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ጠጣሁት።

ክፉ አይደለም።